በማዳም ሳሎን ያሸነፈው

የምስራች ከፈረንሳዮች ቤት ሠራተኝነት የወጣችው፣ ካርቲየ 6 በሚባለው የወደብ ከተማው ሰፈር የቪዲዮ ጨዋታ ቤት ልትከፍት ነው። ክፍሏን ተከራይታለች፣ ቴሌቪዥንም አላት። የቀራት ማጫወቻው ብቻ ነው። አቅሟ ለአንድ ስለሆነ፣ ምርጫዋን ከሳተች ተመልሳ ሰው ቤት መግባቷ ነው።

ካርቲየ 4 ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ኢስማኤል ያገለገለ ፕሌይስቴሽን አወጣላት።

"ይሄን ውሰጂ።"

"አይ፣ ዊ የሚባለውን ማጫወቻ ስጠኝ። ገበያውን የሚያሸንፈው እሱ ነው።"

"ማን ነገረሽ?"

"ዓይኔ።"

እውነቷን ነው። በአሠሪዋ በማዳም ሳሎን ባልና ሚስቱ፣ ከፈረንሳይ የመጡት ሽማግሌ አማት እንኳ ሳይቀሩ፣ ነጩን መቆጣጠሪያ እያወዛወዙ ሲዘሉ አይታለች። ሕፃን አዋቂው የሚሻማበት ዕቃ እንዴት አያሸንፍም?

ቤቷ በተከፈተ ሰሞን ጎረምሶች መጡ፣ ዘለሉ፣ በላብ ተጠምቀው ወጡ። በማግስቱ አልተመለሱም። ቬንትሌተሩ የቆርቆሮውን ሙቀት መልሶ ፊታቸው ላይ ከመርጨት በቀር የፈየደው የለም። ከቀትር በኋላ የዕለቱ ጫት ከተማ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ብሶ አረፈው። ከይረዲን የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ጫቱን ይዞ ገብቶ ትራሱ ላይ ጋደም አለና መቆጣጠሪያውን መለሰላት።

"እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ከመሪ ጋር ስታገል መጥቼ፣ ደግሞ እዚህ ልዝለልልሽ?"

ማጫወቻውን በፌስታል ይዛ ኢስማኤል ዘንድ ሄደች።

"ሬዲዮ አልሰማሽም?" አላት። "በዓለም ሽያጭ ያንቺው እየመራ ነው። ልክ ነበርሽ።"

"ታዲያ ሰው ለምን አይመጣም?"

"የማዳም ሳሎን ኤሲ አለው?"

"አለው።"

"ጫት የሚቅምስ?"

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ኢስማኤል ዊውን ለልጁ ለሂንድ አስቀረና ያንኑ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ከኳስ ጨዋታው ጋር ሰጣት።

በሳምንቱ ክፍሏ ሞላ። ከይረዲን በጎኑ ተጋድሞ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ አጠገቡ የተጋደመውን ሾፌር በኳስ ይረታል። የሚነሳ የለም። የምስራች በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። አንደኛ የወጣው ያ ከሆነ፣ እነዚህ የሚሻሙበት ይሄኛው ምንድን ነው?

ስልኳ ጮኸ። ማዳም ናት።

"በምትክሽ ሰው አላገኘሁም፤ አትመለሺም?"

"አልመለስም ማዳም። ቤቱ ሞልቷል።"

"አውቄዋለሁ! የኛን ዓይነት ማጫወቻ ነው አይደል የገዛሽው?"

የምስራች የተጋደሙትን ሰዎች አየች።

"አዎ ማዳም፣ የናንተን ነው የገዛሁት" አለች። የቀረውን በየት በኩል ጀምራ እንደምታስረዳት አላወቀችም።