ከምሰሶው ሥር የተቀመጡት ሦስት ሰዎች

ዛሬ ጠዋት ሱቄ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ኮምጣጤ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰበረ። ደንበኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔ ግን መጥረጊያውን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው። አንተ አልደረስህበትም፤ ያኔ ፎቶ እንደ ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አስመራ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ እሸጥ ነበር፤ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ የተገኘውን ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ጣሊያን ካሜራውን በሁለት የብስክሌት ጎማ ለወጠኝ። የያዝሁት ልሸጠው ነበር። መጀመሪያ ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው ብዬ አንድ ፊልም ጨረስሁበት፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ገዢ ሁሉ «ተሽጧል» እያልሁ መለስሁ።

ሰው ማንሣት አልወድም ነበር። ሰው ፎቶውን ሲያይ «አፍንጫዬን አበላሸኸው» ይላል፤ ፍርስራሽ ቅሬታ የለውም። እሑድ እሑድ ምጽዋ ወርጄ ወደቡን፣ ጀልባዎቹን፣ ጨው የበላውን ክሬን አነሣለሁ። ካልሆነም ከአስመራ ዳርቻ፣ ከቤት ጊዮርጊስ ቁልቁል በእግሬ ወርጄ የተለፈሪካውን ምሰሶዎች አነሣለሁ። ተለፈሪካ ጣሊያን ከምጽዋ እስከ አስመራ በሽቦ ላይ አንጠልጥሎ ጭነት የሚያመላልስበት ነበር። ሽቦውንና ሞተሩን እንግሊዝ ነቅሎ ሸጠው፤ እኔም ብሆን እሸጠው ነበር። የቀሩት ምሰሶዎች ግን ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፤ የሚያልፈው ነፋስ ብረታቸው ውስጥ ያፏጫል።

ፊልሜን የሚያጥብልኝ በከተማው ዋና ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶ ላይ ፎቶ ቤት የነበረው ሽማግሌ ጣሊያን ነው። «ፍርስራሽ ብቻውን ቁመቱ አይታወቅም፣ ከሥሩ ሰው ይግባበት» ብሎ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ልማድም ነበረው። እንደ እኔ ካሉት ለፍላጎታቸው ከሚያነሡት ሰዎች ሥራ በየሳምንቱ አንዱን ይመርጥና አሳድጎ፣ በወይራ ፍሬም አድርጎ መስኮቱ ላይ ይሰቅላል። ከሥሩ የአንሺውን ስም፣ ቦታውንና ወሩን በነጭ ቀለም ይጽፋል። ሰኞ የተሰቀለ ቅዳሜ ነው የሚወርደው።

አንድ እሑድ ብርሃኑ ምሰሶው ላይ እንደ ማር ፈሶ፣ ከሥሩ የሚገባ ሰው ግን ጠፋ። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ከሸለቆው ወጥተው ምሰሶው ሥር አረፍ አሉ። እግዜር ለእኔ ብሎ የላካቸው መሰለኝ። ሳያዩኝ ከሩቅ አንድ ጊዜ አነሣሁና በሌላ መንገድ ተመለስሁ።

ሽማግሌው ያንን መረጠ። ማታ ማታ ከተማው ሁሉ ኮምቢሽታቶ ላይ ሲንሸራሸር እኔም ባለቤቱ እንዳልሆንሁ ሆኜ በመስኮቱ ፊት አለፍሁ። ሰኞ ማታ ብቻ አራት ጊዜ አልፌያለሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጎዳይፍ ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑት ሴት ወደምሸጥበት መጡ። አደይ፣ እናቴ እያልን ነው የምንጠራቸው። ልጃቸው አስተማሪ ነበር፤ ከቤት ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። ፖሊስ ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠይቋቸው «ሥራ ሊፈልግ አዲስ አበባ ሄዷል» ብለዋል። ሰፈሩ ግን በረሃ፣ ሸማቂዎቹ ዘንድ እንደ ወጣ ያውቃል፤ አይናገርም እንጂ።

«በመስኮት ያለውን አንተ ነህ ያነሣኸው?» አሉኝ።

«እወ፣ አደይ። አዩት እንዴ?» አልሁ ደስ ብሎኝ።

«ያ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠው ልጄ ነው።»

ልጅ ሳለ ወድቆ ግራ ጉልበቱ አይታጠፍለትም ነበር። ፖሊሶቹም ይህንኑ ምልክት ጽፈው ይዘዋል።

«ፊቱ ይለያል?»

«ቆሜ ማየት ፈራሁ። አውርደው ወደይ፣ ልጄ። ዛሬውኑ።»

የምሽቱ ሽርሽር ሳይጀመር ብዬ እየሮጥሁ ሄድሁ። መስኮቱን አሁን ሳየው አንደኛው ሰው ጉልበቱ ላይ በጋቢ የተጠቀለለ ረዥም ነገር አጋድሟል። ሰኞ ዱላ መስሎኝ ነበር። ከሥሩ ስሜ በነጭ ቀለም ተጽፏል።

ሽማግሌውን ፎቶው ተጣሟል፣ አውርደው አልሁት።

«ቅዳሜ» አለ።

«አሳፈረኝ እኮ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ስትመላለስ አይቼሃለሁ። አላፈርህም።»

ምክንያቱን ልነግረው አልችልም፤ ደግ ሰው ነበር፣ ወሬ ግን አይቋጥርም። እንዲህ ስንከራከር በሩ ተከፈተና አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር ገባ። ልብሱ የሲቪል፣ ጫማው ግን የወታደር ነበር። ሽማግሌው «እንደምን ዋሉ ሻምበል» አለው፤ የቤተሰቡን ፎቶ እዚያ ነበር የሚያሳጥበው። ጸጥታ ክፍል እንደሚሠራ ከተማው ያውቃል።

«ያ በመስኮት ያለው ግርማ አለው። ለሳሎን እንዲሆነኝ እፈልጋለሁ» አለ ሻምበሉ።

ሽማግሌው በኩራት ወደ እኔ አመለከተ። ሻምበሉ ከመስኮቱ ጀርባ ዞሮ ጎንበስ አለና ጣቱን ከምሰሶው ሥር አደረገ።

«አንተ ነህ ያነሣኸው? እነዚህስ እነማን ናቸው?»

«ፍየል ጠባቂዎች ናቸው ጌታዬ። ለቁመቱ መለኪያ ብዬ ነው ያስገባኋቸው» አልሁ፣ በትምህርት ቤት አማርኛዬ።

«ፍየሎቹስ?»

«ፍየል ቁም ቢሉት አይቆምም ጌታዬ። ለፎቶ የሚሆነው ሰው ብቻ ነው።»

ሴትዮዋ ሣቀች። እሱ አልሣቀም። እኔ ግን ገበያ አውቃለሁ፤ ባል ዕቃውን ያያል፣ የምትገዛው ሚስት ናት። ወደሷ ዞርሁ። «እመቤቴ፣ ለሳሎን ፍርስራሽ ይከብዳል። የምጽዋ ወደብ አለኝ፣ ባሕሩና ጀልባው። ፍሬሙ ግን ይኸው የወይራው ቢሆን ያምርበታል።»

«እኔስ ምን አልሁህ?» አለችው። «እንግዳ በመጣ ቁጥር የፈረሰ ነገር ላሳይ?»

ሽማግሌው ቅዳሜን ረሳና ፍሬሙን አወረደ። የኋላውን ሚስማር በጉጠት ነቅሎ ፎቶውን ሲያወጣ ሻምበሉ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አየው። ውጭ የብስክሌት ደወል፣ የሰው ጫማ ይሰማኛል፤ ሽርሽሩ ጀምሯል። ያን ያህል ጊዜ ምን እንዳየ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ተመልሶ መጣና እጄ ላይ አኖረው።

«ቤትህ አስቀምጠው» አለኝ በቀስታ። «መስኮት ላይ አይሁን።»

በዚያው ምሽት ፎቶውንና ፊልሙን አደይ ቤት ይዤ ገባሁ። ክብሪቱን የጫሩት እሳቸው ናቸው። ፎቶው ሲነድ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ ነበርሁ አመድ እስኪሆን ያየሁት።

በሦስተኛው ዓመት መርዶው መጣ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የልጁ ፎቶ አልነበረም፤ ፖሊስ የመጣ ቀን ያላቸውን ሁሉ አቃጥለው፣ ከእኅቱ የሠርግ ፎቶ ላይም በመቀስ ቆርጠው አውጥተውታል። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ወደ እኔ መጡ።

«አንድም አልቀረህም?»

«አልቀረም አደይ። አብረን ነው ያቃጠልነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ግን ደኅና አድርገህ አይተኸዋል። ፊቱ እንዴት ነበር?»

በዚያ ፎቶ ላይ ፊቱ የምስር ፍሬ ታክል ነበር፤ የምሰሶው ጥላም አርፎባት ነበር።

«ይሥቅ ነበር» አልኋቸው።

«ጥርሱ ይታያል?»

«ይታያል።»

«አልከሳም?»

«አልከሳም። ጋቢውም ንጹሕ ነበር። ጓደኞቹ ያወሩለታል፣ እሱ ይሥቃል።»

ከንፈራቸው የምለውን ሁሉ እየተከተለ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ጽቡቕ፣ ጥሩ ነው» አሉ። «እንደገና ንገረኝ።»

ወንበሬን ወደሳቸው አስጠግቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።