ገመዱ ማዶ እንዲደርስ

ገለቴ ሰበታ ከተማ ያለው ድልድይ አጠገብ በቆሎ ስትጠብስ ሽማግሌውን ሁለት ክረምት ሙሉ አይታቸዋለች። በኦሮምኛ «ኦቦ» ትላቸዋለች እንጂ ስማቸውን አታውቅም። ዝናብ ሲጥል ሰው ወደ መጠለያ ሲሮጥ እሳቸው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ኮታቸው ያረጀ ነው፤ ቁልፎቹ ግን ሁሌም እስከ አንገት ተቆልፈዋል። ትከሻቸው ላይ ከውሃ ቧንቧ የሠሩትን ማስወንጨፊያ ይሸከማሉ። በብስክሌት ፓምፕ አየር ይሞሉታል፤ ቫልቩን ባንዴ ሲከፍቱት አየሩ ገመድ የታሰረበትን እንጨት ወደ ማዶ ያስፈነጥረዋል። ቫልቩ ቀስ ብሎ ከተከፈተ ገመዱ መሃል ውሃ ላይ ስለሚቀር፣ ስንቴ ፈተው እንደገጠሙት ገለቴ ቆጥራ አትጨርሰውም።

ዛሬ አንድ ፖሊስ መጣባቸው።

«አባባ፣ ይሄ መሣሪያ ነው። ያስረክቡ።»

«መሣሪያማ ነው፤ ጎርፍ የወሰደውን ሰው ማውጫ» አሉ ቀና ብለው። «ውሰደው፣ ነገ ሌላ እሠራለሁ። ዛሬ ግን እኔን ተክተህ እዚህ ቁም። ዋና ትችላለህ?»

ፖሊሱ የደፈረሰውን ውሃ አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ሽማግሌው የቫልቩን እጀታ ሳቡት። ገመዱ ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር አረፈ።

«ደረሰ» አሉ ወንዙን እያዩ። «ልጄን ጎርፉ የወሰዳት ቀን በእጄ ብወረውረው ነው ያልደረሰላት።»