እናቴ በበቅሎ የመጣች ቀን

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ሃያ ዓመት በሞላኝ በክረምቱ ማብቂያ ነው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም።

ወላጆቼ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የከተሙ ናቸው። አባቴ ቀደም ብሎ ሞተ። ከእኔ በፊት የተወለዱት አራቱም በሕፃንነታቸው ስለተቀጠፉ እናቴ ከዓይኗ አትለየኝም። ከሰፈር ልጆች ጋር እንዳልጫወት የግቢው በር ይቆለፋል። ትምህርት ቤት የምታደርሰኝም የምትመልሰኝም እሷ ነበረች፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላም። በእረፍት ሰዓት እንኳ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች።

ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ በመምህርነት ስመደብ ሦስት ቀን አለቀሰች። እንደምንም ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ የጭነት መኪናውን ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በአቋራጭ ሄደ። እኔ አልገባኝም፤ መጠየቅም አፈርኩ። ሾፌሩም ረዳቱን ይዞ እርዳታ ፍለጋ ሄደ። ዝናብ መጣ። ጭነቱ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሴት ሰምታኝ አህያዋን አቆመች። በኦሮምኛ አናገረችኝ፤ እንዳልገባኝ ስታይ ወደ አማርኛ ዞረች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው? ከየት ነህ?»

«ከነቀምቴ።»

«እዚያው ነው የተወለድከው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቋንቋችንን እንዴት አታውቅም?»

«እናቴ ከግቢ አታስወጣኝም ነበር» አልኳት።

ብትስቅብኝ ይሻል ነበር። እሷ ግን ጋቢዋን አውልቃ ደረበችልኝ። ቤቷ አሳድራ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘችኝ።

በአራተኛው ቀን ሳስተምር እናቴ በበቅሎ ደረሰች። ጭቃ የያዘው መኪና ላይ ማልቀሴ ተወርቶ ነቀምቴ ደርሷል። ተማሪዎቼ እየሰሙ ዲሬክተሩን «ይሄ ልጅ ብቻውን አድሮ አያውቅም! ልጄን መልሱልኝ» አለችው። ተማሪዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ።

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ መምህር፣ ምን ይላሉ?»

በሕይወቴ «እርስዎ» ተብዬም፣ ሐሳቤን ተጠይቄም አላውቅም። እናቴን አየኋት።

«ና፣ ዕቃህን ያዝ» አለችኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ተከተልኳት።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ለምና ያስገባችኝ እሷ፣ ሚስት የመረጠችልኝ እሷ። ከሞተች ቆየች። ዛሬም ጫማ ልገዛ ሄጄ ሌላ ሰው ካልመረጠልኝ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አራት ልጅ በቀበረች እናት አልፈርድም ማለት እወድ ነበር። እፈርድባታለሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ያን ቀን ስትመጣ በክፍሉ መስኮት ሳያት ልቤ በደስታ መዝለሉ ነው።