የእህቴ ባል ሰማያዊ መብራት

የታናሽ እህቴ ባል ሲናገር አገጩን ቀና አድርጎ ነው፤ ከሰው ጋር ሳይሆን ከጣሪያው ጋር የሚያወራ ይመስላል። ኬሚስት ነው። እህቴም ኬሚስት ናት። ሁለቱም የመድኃኒት ቅመም በሚያመርት ፋብሪካ፣ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። እኔ የዚያው ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ስለሆንኩ ቤትም ሥራ ቦታም እሱን ማየት ግድ ሆነብኝ።

ሠራተኛው «ፋኖሱ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በብርሃን መሥራት ከጀመሩ በኋላ ነው። ድሮ ሁለት ቅመሞችን ለማጋጠም ቀኑን ሙሉ በጋለ ዘይት ላይ ይቀቅሏቸው ነበር፤ ግማሹ ያርርና ይደፋል። በአዲሱ ዘዴ ግን ብርሃን የምትቀበል ቁንጣሪ ዱቄት ይጨመርበትና ሰማያዊ መብራት ይበራበታል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፤ ቅመሞቹ እዚያው ቀዝቀዝ እንዳሉ ይጋጠማሉ። ትክክለኛዋን ዱቄት ስንት ጊዜ ሞክራ ያገኘችው እህቴ ናት። እሱ ማብሪያውን ተጫነ። ማብሪያ ስለተጫነ ፀሐይን የፈጠረ መሰለው።

እነሱ ቤት ምሳ ተጋብዤ «ተፈጥሮን አዘዝኳት፤ ታዘዘችኝ» ሲል ሰማሁት። አብራቸው የምትኖረው እናቴ አፏን ጠረገችና፣

«ጎሽ ልጄ። እንግዲያው የመተላለፊያውን አምፖል መቼ ትቀይርልናለህ? ከተቃጠለ ሰነበተ» አለችው።

«እሱ የኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። ቀየርኩት፤ ምን አደርጋለሁ።

በትንሿ ብልቃጥ የተሳካውን የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በብዛት ፈለገው። ፋኖሱ ሳያንገራግር «በትልቁ የመስታወት ጋን እንሠራዋለን» አለ። እህቴ ያን ዕለት ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ያዘችው።

«ብርሃኑ እኮ የሚያገኘው ዳር ዳሩን ነው። መሀሉ ጨለማ ይሆናል። በቀጭን ቱቦ እናሳልፈው፤ ቱቦውን መብራቱ ላይ እንጠምጥመው።»

«መብራት እንጨምራለን።»

«የፈለግከውን ያህል ብትጨምር ዳሩ ያራል እንጂ መሀሉ አይነካም።»

«አንቺ ሰው ወደኋላ መጎተት ትወጃለሽ» አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

እንዳዘዘኝ ጋኑን በመብራት ከበብኩት። የሙከራው ቀን ሁላችንም ዓይን የሚከልል ቢጫ መነጽር አድርገን ቆምን። እሱ ከሥራ አስኪያጁ ጎን ተገትሮ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ሐውልት ሊመርቅ የመጣ ይመስል ነበር። ሲያልቅ እህቴ ከጋኑ ቀድታ መረመረች። ግድግዳው ላይ ቡናማ ዝቃጭ ተጋግሯል፤ የቀረው እንደገባ ጥሬውን ቁጭ ብሏል። ያ ሁሉ ቅመም ሊደፋ ነው።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ፋኖሱ መጀመሪያ እኔን አየ። «መብራቱ ደካማ ነው።»

አፌን ሳልከፍት እህቴ ቀደመችኝ። «መብራቱ ደህና ነው። ጋኑ ነው የሰፋብን።»

«የሰፋብን» ነው ያለችው፤ ልትሸፍነው። እሱ ግን ቃሉን ከአፏ ነጠቀ።

«እሱማ፣ ጋኑ የእሷ ሐሳብ ነበር። እኔ ከመጀመሪያውም ሰግቻለሁ።»

አይጥ እንኳ መብራት ሲበራባት ትደበቃለች። እሱ ያ ሁሉ መብራት ሥር ቆሞ ዋሸ። እህቴ መነጽሯን አውልቃ ኪሷ ከተተችና ወጣች። እሱ ሥራ አስኪያጁን እየተከተለ ማስረዳቱን ቀጠለ፤ ድምፁ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ይሰማ ነበር።

እሷ አላለቀሰችም፣ አልተጣላችም። አንድ ጥግ ያዘች፤ እስክሪብቶ የማያህል ቀጭን ቱቦ መብራቱ ላይ ጠመጠመች፤ ቅመሙን በፓምፕ ቀስ እያደረገች አሳለፈችው። በአንዱ ጫፍ ጥሬ የገባው በሌላው ጫፍ ተሠርቶ ወጣ። ቀን ከቀን ሳይቋረጥ ይወርዳል። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ተደሰተ። እንግዶች ሲመጡ ግን አዲስ ነጭ ጋውን ለብሶ «የእኛ ቱቦ» እያለ የሚያስጎበኘው ፋኖሱ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ሲሾም የተሾመውም እሱ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ «የሚናገር ሰው ያስፈልገናል» አሉኝ።

እህቴ ሌላ ፋብሪካ ተቀጠረች። እዚያ ቱቦዋን ራሷ ትመራለች።

ብዙም ሳይቆይ እራት ላይ ሳለን ፋኖሱ ጉሮሮውን ጠረገ። አገጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሳህኑ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ቱቦው እየተደፈነ አስቸገረን። ነጭ ነገር ይረጋበታል። ምን ብናደርገው ይሻላል?»

እህቴ ለልጇ ሥጋ እየቆረጠች ነበር። ቀና አላለችም።

«ቤት ውስጥ ባሌ ነህ። ለሥራው ሰው ቅጠር።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ ውሃ ጠጣ።

ሰው አልቀጠረም። ሰው መቅጠር አለማወቅን ማመን ነዋ። ቱቦውን አስነቅሎ ጣለና ወደ ዘይቱ ተመለሰ፤ ክፍሉ እንደ ድሮው ይጨሳል፣ ግማሹ እንደ ድሮው ይደፋል። አሁን ለሚጠይቀው ሁሉ «ብርሃን ገና ያልበሰለ ቴክኖሎጂ ነው» ይላል። ያምኑታል ደግሞ።

አንድ ቀን እህቴን ወደ ሥራ ሳደርሳት «ይህን ሰውዬ እንዴት ቻልሽው?» አልኳት።

«ልጁን ሲያስተኛ አይተኸው አታውቅም» አለች።

እውነቷን ነው፤ አላየሁም። ማየትም አልፈልግም።