የሰማን ቀጭኔ

ጁባ ውስጥ በቤት ቁጥር ተፈልጎ የተገኘ ሰው አላውቅም። ለቦዳ ሞተር ነጂ «ቀጭኔው ጋ» ካሉት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያደርሳል። ቡሉክ ሰፈር አጠገብ፣ በአሮጌው መዝናኛ ፓርክ በር ላይ የቆመውን የሲሚንቶ ቀጭኔ ማለቴ ነው። ልጆች በጀርባው ደረጃ ይወጡና አንገቱን አቅፈው ፎቶ ይነሡበት ነበር። የሠራው ሰማን ነው፤ የደሴ ሰው፣ ግንበኛ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር ካለው የቀለም ሱቄ ጀርባ የሚኖር ጎረቤቴ። ሕፃናት የምታስተምረው ልጁ ሲድራ ከሰው ስትተዋወቅ ከስሟ አስቀድማ «ቀጭኔውን የሠራው አባቴ ነው» ትላለች። ሰማን ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። እኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ሌላም አመል ነበረው። ዝናብና ንፋስ ሲበረታ ሰው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሱ ጃኬቱን ደርቦ ወደ ቡሉክ ይሄዳል። ሚስቱ ዘሀራ እዚያ ሌላ ሴት አለችው ብላ አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፋዋለች። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳላምናት አልቀረሁም።

ፓርኩ በጦርነቱ ተዘግቶ ዓመታት ቆየ። ዘንድሮ አዲስ ተከራዮች መጡና ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ሊከፍቱት ቀን ቆረጡ። ቀጭኔውን እንዲቀባ ሰማንን ጠሩት፤ ሲድራም ሠላሳ ሁለት ተማሪዎቿን በመክፈቻው ዕለት ልታመጣ ቃል ገባች። ቢጫና ቡናማ ቀለም ሸጥኩለት። በማግስቱ ቆርቆሮዎቹን ሳይከፍታቸው መልሶ አመጣቸውና ሱቄ በር ላይ ቁጭ አለ።

«ምስጥ ወጥቶበታል» አለኝ።

«ሲሚንቶ የሚበላ ምስጥ ደግሞ ከየት መጣ?» ብዬ ሳቅኩበት።

አልሳቀም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል የማይቀምሰው ሰማን ያባውን ግን ምስጥ አወጣው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ቀጭኔውን ሲሠራ የፌሮ ብረቱ ለእግሩና ለሆዱ ብቻ በቃ። ቀሪው መንገድ ላይ ቀረ፤ የፓርኩ ባለቤት ደግሞ ዛሬ ካልጨረስክ እያለ ቆመበት። ሰማን ለአንገቱ ሁለት ወፍራም እንጨት አስሮ፣ ሽቦ ጠምጥሞ፣ በሲሚንቶ ለሰነው። አባቱ በደሴ የሠሩት ቤት እንጨቱ ጭቃ ውስጥ አርባ ዓመት ኖሯል፤ ይህም ይኖራል አለ። የደሴ እንጨት የጁባን ምስጥ እንደማያውቅ የገባው ቆይቶ ነው። ያኔ ግን ስሙ ወጥቶ ነበር። ለማን ይናገር? በዝናብ በንፋሱ ወደ ቡሉክ የሚሄደው ለካ አንገቱ አለመውደቁን ሊያይ ኖሯል።

«ትናንት ሳየው የምስጡ የአፈር መስመር ከእግሩ ተነሥቶ አንገቱ ድረስ ወጥቷል» አለኝ። «ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ አንተ! የሲድራ ልጆች!»

ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደው አይመስለኝም። እኔንም አልወሰደኝም።

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። ሥራ አስኪያጇ አቤኒ ጋምቤላ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ሁሉን ነገራት። መጀመሪያ ሌላ የሥራ ውል ፈልጎ መሰላት፣ ቀጥላ ሳቀች።

«ሙአሊም፣» አለችው፤ ጁባ ውስጥ ግንበኛ የሚጠራው እንዲህ ነው። «ጥይት ያልጣለውን ምስጥ ይጥለዋል? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! ነገ ነው የምንከፍተው፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነው። ቀለሙን ይቀቡልኝና ይሂዱ።»

ሰማን ለመናት። ኢንጂነር ይምጣና ይየው አላት። ለዛሬ ከየት ይመጣል አለችው። ዝም ብሎ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ፣ የባሰው ደግሞ፣ እንዲመለስ ፈለግሁ። ዝም ካለ ማንም አያውቅም። እሱ ግን መሰላሉን አንሥቶ አቆመ፣ የቀጭኔውን አንገት በገመድ አስሮ ጫፉን አስያዘኝና መዶሻውን ይዞ ወጣ። አቤኒ ዘበኛ እየጠራች ሮጠች።

አንድ ጊዜ መታው። ዘበኛው መሰላሉን ሳይዝ ሁለተኛውን መታ፤ አንገቱ ከትከሻው ተቆርጦ ወረደ፣ ገመዱ እጄን ልጦኝ ሄደ። ጭንቅላቱ መሬት ላይ ተከፈለ። አንገቱ ውስጥ እንጨት የሚባል ነገር የለም፤ አፈር ብቻ ነው። ውፍረቱ ሁለት ጣት የማይሞላ የሲሚንቶ ልጣጭ ባዶውን ቆሞ ነበር።

አቤኒ ጎንበስ ብላ አየችው። መቆጣቷን ተወች።

«ትናንት ልጄን አንገቱ ላይ አስቀምጬ ፎቶ አንሥቻታለሁ» አለች።

የመክፈቻው ዕለት ሰማን ቤቱ መቅረት ፈልጎ ነበር፤ «ለሲድራ ራስህ ንገራት» ብላ ዘሀራ ናት አስነሥታ የላከችው። አንገት የሌለው ቀጭኔ አጠገብ ቆመን ሳለን ሲድራ ልጆቿን በሁለት መስመር አሰልፋ መጣች። መንገዱን ሙሉ አባቷ የሠራውን ስታወራላቸው እንደመጣች ከፊታቸው ያስታውቃል። ሁሉም ቆሙ። አንዲት ልጅ ጭንቅላቱ የት ሄደ ብላ በዓረብኛ ጠየቀች።

ሲድራ አባቷን አየችው።

«እኔ ነኝ ያፈረስኩት» አላት። «ስሠራውም አንገቱ ላይ ፌሮ አላገባሁበትም። ይኸን ሁሉ ዘመን ዋሸሁሽ፣ ልጄ።»

ወደተሰበረው አንገት ሄዳ እጇን ከተተች፣ አፈሩን ዘግና አወጣች፣ እያየችው ቆየች። ከዚያ ዞራ ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ሠላሳ ሁለት።

«የሠራውም ያፈረሰውም አባቴ ነው» አለቻቸው።

ሰማን አሁን ፊቱ አልጠቆረም፤ አለቀሰ።