ጋሽ አብዱ ማንበቢያ ሲመርጡ

የጋሽ አብዱ ሙሉ ስማቸው አብዱልሙሀይሚን ነው፤ ነገር ግን ይህን ስም እስከ መጨረሻው የሚጠራ ትዕግሥተኛ አራዳ ውስጥ ስለሌለ ሁላችንም ጋሽ አብዱ እንላቸዋለን። ሥራቸው ጋዜጣ ማከራየት ነው። መሸጥ አላልኩም፤ ማከራየት። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አላቸው። ጋዜጣ መግዛት የከበደው፣ ወይም አንዴ አንብቦ ለሚጥለው ወረቀት ብር ማውጣት የማይወድ ሰው እዚያ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያነብና ኪራዩን ከፍሎ፣ ጋዜጣውን መልሶ ይሄዳል። ሥራውን ሲጀምሩ ጢማቸው ገና አላበቀለም ነበር። አሁን ጢማቸው ነጭ ነው፤ ወንበሩም ሦስት ጊዜ እግር ተቀይሮለታል።

እኔ ዓለምጸሃይ እባላለሁ። ከወንበሩ ጀርባ ያለችው የፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የኔ ናት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ጋሽ አብዱን በመስኮት ሳይ ኖሬያለሁ። ስለሳቸው ለማውራት ከኔ የበለጠ መብት አለኝ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ወንበሩ ሕግ አለው። የሰው ገጽ አይታይም። ማን ምን እንደሚያነብ አጮልቆ ማየት ነውር ነው። ሰው በሚያነበው ነገር ይጠረጠርበት በነበረ ዘመን የወጣ ሕግ ነው ይላሉ፤ ዘመኑ አልፎ ሕጉ ቀረ። ጋሽ አብዱ ኪራይ ሲቀበሉ እንኳ ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ ያዞራሉ። እና ታዲያ የትኛው ጋዜጣ እንደተወደደ በምን ያውቃሉ? በሰዓት። "ሰው የወደደውን ነገር በሰዓቱ አይመልስም" ይላሉ። አርፍዶ የሚመለሰውን ጋዜጣ በማግስቱ ጨምረው ያመጣሉ፣ ቶሎ የሚመለሰውን ይቀንሳሉ። በዚህ መለኪያ ተሳስተው አያውቁም ነበር።

ቆይቶ ጋዜጣው እየሳሳ፣ ሰውም ወደ ስልኩ እያቀረቀረ መጣ። ጋሽ አብዱ አልተማረሩም። "ሰው የተወው ወረቀትን ነው እንጂ ማንበብን አይደለም" ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ልጆቻቸው ራሳቸውን ችለዋል፤ ጤናቸው ደህና ነው፤ አልሀምዱሊላህ ማለት አያልቅባቸውም። ከነገሩ ሁሉ ያሳዘናቸው የጋሽ ገብረዮሐንስ መቅረት ብቻ ነበር።

ጋሽ ገብረዮሐንስ ከፖስታ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ውቤ በረሃ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የወንበሩ የመጀመሪያ ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። እኚህ ሰው ጋዜጣ ያለ ጭቅጭቅ መልሰው አያውቁም። "ገጽ አምስት ላይ ያለው ሰውዬ ዋሽቷል!" ብለው ይጀምራሉ። ጋሽ አብዱ ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ለሰውዬው ጥብቅና ይቆማሉ። ጠዋት የጀመሩት ክርክር አንዳንዴ እስከ ምሳ ይዘልቃል። እኔ መስኮቴን ዘግቼ የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፤ የሚገርመው ነገር ግን እነሱ የማይጨቃጨቁበት ቀን የትየባ ስህተቴ ይበዛል።

ባለፈው ዓመት የጋሽ ገብረዮሐንስ ዓይን ደከመ። የጋዜጣው ፊደል ጉንዳን መሰላቸው። የልጃቸው ስልክ ደግሞ ብርሃኑ ዓይናቸውን እየወጋ ያስለቅሳቸዋል። አንድ ሰኞ ጋዜጣውን አገላብጠው አዩትና አጣጥፈው መለሱት። "አብዱ፣ ከእንግዲህ ለማየት እንጂ ለማንበብ አልሆንም። ሰው እያነበበ እኔ መንገደኛ ስቆጥር አልውልም" ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ጋሽ አብዱ የሳቸውን ቦታ ለማንም አላከራዩትም፤ የሚያከራዩትን ጋዜጣ ሁሉ እዚያ ላይ ከምረው "ቦታው ተይዟል" ይላሉ።

ወር ያህል እንዲህ ከሆነ በኋላ አንድ ቀን ወደ ቢሮዬ ገቡ።

"ዓለሜ፣ ዓይን የማይወጋ ማንበቢያ አለ ይላሉ። እውነት ነው?"

"አለ ጋሼ። ግን ዓይነቱ ብዙ ነው።"

"ብዙ ከሆነማ እናወዳድራለን።"

የወንድማቸው ልጅ ሲሀም ፒያሳ ያገለገሉ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ትሸጣለች። "አጎቴ፣ ሦስት አሉኝ። እስከሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ድረስ ሞክራቸው፤ የማትፈልጋቸውን ግን ትመልስልኛለህ፣ ገዢ እየጠየቀኝ ነው" ብላ በፌስታል ሰጠቻቸው። ሦስቱንም ጠረጴዛዬ ላይ ደረደርናቸው።

የመጀመሪያዋ መዳፍ የምታክል ናት። ስክሪኗ ወረቀት ይመስላል፣ ባትሪዋም አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። ደስ ብሎኝ ከኢንተርኔት አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ጫንኩባት። ፊደሉን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጋ ደረደረችው። ጋሽ አብዱ ገልበጥ አድርገው አይተው "ይቺ እንግዳ ናት፣ አገሩን ትልመድ" ብለው ወደ ፌስታሉ መለሷት።

ሁለተኛው ባለ ቀለም ታብሌት ነው። ያልከፈተው ነገር የለም፤ አማርኛውም ፎቶውም ቪዲዮውም ፏ ብሎ ይታያል። ግን ፀሐይ ላይ መስታወት ይሆናል፣ ባትሪውም ምሳ ሰዓት ላይ ይለምናል። ሦስተኛው ሰፋ ያለ ግራጫ ነገር ነው። እንደ ትንሿ ወረቀት ይመስላል፣ አማርኛም ያነባል። ከኢንተርኔት ያወረድኩለትን ጽሑፍ ማስታወቂያውን አራግፎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይነበባል፣ ፊደሉም እስከ አውራ ጣት ድረስ ያድጋል። ጉዱ ዝግተኛነቱ ነው። ገጽ ሲገለጥ ጥቁር ብሎ ያስብና ያለፈውን ገጽ ጥላ አስከትሎ ይመጣል።

"አሁን ወንበሩ ይፍረድ" አሉ ጋሽ አብዱ።

እኔ በየጠዋቱ በቢሮዬ ዋይፋይ የጋዜጦችን ጽሑፍ እየሰበሰብኩ ሁለቱም ላይ እጭናለሁ። እሳቸው እንደ ጋዜጣ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ያከራያሉ። ውጤቱ ግልጽ ነበር። ታብሌቱን የወሰደ ሁሉ ሰዓት ተኩል ይቆያል። ግራጫውን የወሰደ በአሥር ደቂቃ ይመልሳል። የሕግ ተማሪው ሉልሰገድ "ጋሼ፣ ይሄ ገጽ እስኪገልጥ ደብዳቤ በፖስታ ቢላክልኝ ይቀድማል" ብሎ ሁሉን አሳቀ።

ጋሽ አብዱ የብርሃኑን ነገር ረስተው፣ ሰዓታቸውን አምነው ወሰኑ፤ ታብሌቱ። እኔ ግን ከጀርባ ስለምቀመጥ ሁሉን አይቻለሁ።

"ጋሼ፣ እያነበቡ አይደለም እኮ! ሉልሰገድ ኳስ ነው የሚያየው። ከሱ ቀጥላ የወሰደችው ልጅ ደግሞ ድራማ ጨረሰችበት።"

ፊታቸው ጠቆረ። "የሰው ገጽ አየሽ?"

"እኔ እንኳን... መስኮቱ ነው ያሳየኝ።"

"መስኮቱን መጋረጃ አድርጊለት። በነውር የተገኘ ምስክርነት አልቀበልም።"

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? ተናደድኩ፤ ኮፒ ማሽኑን እንኳ በጥፊ መታሁት። እሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ታብሌቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ውቤ በረሃ ሄዱ፤ ለጋሽ ገብረዮሐንስ "ሦስት ቀን ያዘውና መልስልኝ" ብለው ሰጧቸው።

ሦስት ቀን አለፈ። አራተኛውም። በአምስተኛው ቀን ጋሽ አብዱ እጃቸውን እያፋተጉ "አረፈደ! አላልኩሽም?" አሉኝ። እኔም መሳሳቴ ደስ አለኝ። በስድስተኛው ቀን ጋሽ ገብረዮሐንስ ራሳቸው መጡ። ታብሌቱን በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልለውታል።

"በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ" አሉና ሳይቀመጡ ተመለሱ።

ጋሽ አብዱ ታብሌቱን ታቅፈው እስኪርቁ ድረስ አዩዋቸው። ከዚያ ከተከመረው ጋዜጣ አጠገብ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አላነበበበትም" አሉኝ።

"በምን አወቁ?"

"አልተጣላኝም።"

ነገሩ ገባኝ። ጋሽ ገብረዮሐንስ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ቀን ዓይናቸውን ወግቷቸዋል፤ ግን ቶሎ ቢመልሱት ወዳጃቸው እንዳይከፋ ብለው ይሉኝታ ይዟቸው ስድስት ቀን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውት ኖረዋል። የማርፈድን ትርጉም ከጋሽ አብዱ ቀጥሎ የሚያውቁት እሳቸው ናቸውና። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ልል ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ዋጥኩት። ዕድሜ ልካቸውን የተማመኑበት መለኪያ ከእጃቸው ወድቆ ነበር።

"ግራጫውን አምጪው" አሉ በመጨረሻ።

ያን ቀን ሥራ ዘግቼ ዋልኩ። ጋሽ ገብረዮሐንስ የሚወዷቸውንና የሚጠሏቸውን ዓምደኞች ሁሉ ከየድረ ገጹ ለቅሜ፣ በተለይ የሚጠሏቸውን አብዝቼ ጫንኩ። ፊደሉን አንድ መስመር ላይ አምስት ቃል ብቻ እስኪገባ አሳደግኩት። ለሲሀም ቀጠሮ የቀሩን አራት ቀናት ብቻ ነበሩ። በማግስቱ ይዘን አብረን ሄድን። ጋሽ አብዱ በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦

"ገብሬ፣ ይሄ መጥፎ ዕቃ ነው። ልጆቹ በአሥር ደቂቃ ነው የሚመልሱት። ባትወደው አይከፋኝም፤ ከፈለግህ ነገውኑ ወርውረው።"

ጋሽ ገብረዮሐንስ ትንሽ ሳቁና ተቀበሉ። የዚያን ጊዜ ጋሽ አብዱን ወደድኳቸው፤ ይሉኝታን በምን እንደሚፈቱት አውቀው ነበር።

በማግስቱ አልመጡም። ዓርብም አልመጡም። ጋሽ አብዱ ከጁምዓ ተመልሰው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ዋሉ። መዘግየቱ ደግ ይሁን ክፉ አሁን የሚያውቁበት ነገር የላቸውም። "ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰዓት ማንበብ ጠፋኝ" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲሀም ዕቃዎቿን ልትወስድ መጥታ ቆማ ሳለ፣ ከታች በኩል የከዘራ ድምፅ ሰማን። ጋሽ ገብረዮሐንስ ናቸው። ግራጫውን እንደ ክስ መዝገብ ከፍ አድርገው ይዘውታል። ገና ሳይደርሱ ይጮሃሉ።

"አብዱ! ያ ሰውዬ ዛሬም ዋሽቷል!"

"የትኛው ሰውዬ? ገጽ ስንት ላይ?" አሉ ጋሽ አብዱ።

"ገጽ የታለውና! የሰጠኸኝ ጉድ ፊደሉ ባደገ ቁጥር ገጹ ይቀየራል። ገጽ አምስት የነበረው ውሸት አሁን ገጽ አርባ ደርሷል! ደግሞ እስኪገለጥ ድረስ ሻይ ፈልቶ ይጠጣል።"

"ታዲያ ለምን አልመለስከውም?"

"ሳልጨርስ? ምን አስቸኮለህ?"

ጋሽ አብዱ የተከመረውን ጋዜጣ በሁለት እጃቸው አንስተው መሬት ላይ አስቀመጡ። ጋሽ ገብረዮሐንስ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ሲሀም ወደኔ ዞራ በጆሮዬ "ግራጫውን ከሚሸጡት ዝርዝር ልሰርዘው መሰለኝ" አለችና ሌሎቹን ሁለቱን ይዛ ሄደች።

ጋሽ ገብረዮሐንስ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ገጹ እስኪመጣ ጠበቁ። ጋሽ አብዱ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረዋል።

"ወዴት ነው የምታየው? ውሸቱ እዚህ ነው ያለው፤ ና እይ እንጂ።"

"የሰው ገጽ..."

"እኔ ከመቼ ወዲህ ባዳ ሆንኩብህ? ጠጋ በል!"

ጋሽ አብዱ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ በዚህ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ማንበብ ጀመሩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ አልዋሽም። ሁለት መስመር ሳይጨርሱ "ኧረ ሰውዬው እውነቱን ነው!" ሲሉ ሰማኋቸው፤ እኔም መስኮቴን ዘግቼ ወደ ትየባዬ ተመለስኩ።