የካፔላ ካባ

እዚህ ስዊድን፣ ሻርሆልመን በሚባለው ሰፈር፣ «አካፔላ» የሚል የኮንሰርት ማስታወቂያ ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በዘጠናዎቹ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ብሬዴንግ በሚባል ጎረቤት ሰፈር እኛ የሐበሻ መዘምራን የስዊድኖችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተውሰን እንዘምር ነበር። አንድ እሑድ ስንደርስ ፒያኖው ተቆልፏል፤ ከበሯችን ደጅ በረዶ ላይ ተጥሏል። የአዳራሹ ጠባቂ «አካፔላ ዘምሩ፤ እሱ ነው የሚያምርባችሁ» አለን።

«ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው የመዘምራኑን መሪ፤ ጣልያንኛ ይችሉ ነበር።

«ያለ መሣሪያ፣ በድምፅ ብቻ መዘመር ነው፤ ቃሉ ግን ‹እንደ ጸሎት ቤቱ› ማለት ነው» አሉ በንዴት። «ካፔላ ድሮ ትንሽ ካባ ነበር። አንድ ወታደር ካባውን ቀዶ ግማሹን ብርድ ለሚያንቀጠቅጠው ለማኝ አለበሰ። ካባው የተቀመጠበት ጸሎት ቤት በካባው ስም ‹ካፔላ› ተባለ። እነዚህ ስሙን ይዘው ለእኛ በረዶውን ሰጡን!»

ካፖርታቸውን አውልቀው ቆዳው በበረዶ የራሰውን ከበሮ አለበሱትና ያለ እሱ አዘመሩን።

ስንጨርስ ጠባቂው «አላልኳችሁም?» እያለ አጨበጨበልን። ከበረዶው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ጭብጨባ ነው።